እዳውን የደበቀው ጄኔራል

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ዘመድ ካላችሁ ክሊራንስ የሚባል ቃል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እገሌ ክሊራንስ አገኘ፣ እገሊት ክሊራንሷን እየጠበቀች ነው፣ ያኛው ደግሞ ተከለከለ ይባላል። ነገሩ የአሜሪካ መንግሥት ምስጢራዊ መረጃ ለሚያዩ ሠራተኞች የሚሰጠው የደህንነት ፈቃድ ነው። አመልካቹ ስለ ራሱ ረጅም ቅጽ ይሞላል፣ ከዚያ መርማሪዎች የሞላውን ያጣራሉ።

ብዙ ሰው የሚገርመው ቅጹ ስለ እዳ መጠየቁ ነው። የምቀጠረው ለኮምፒውተር ሥራ ነው፣ የክሬዲት ካርድ እዳዬ ምን አገባቸው? ያሰኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከመመሪያ ገጽ ላይ ከማንበብ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ብናየው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ስድብ ነው። አንድን ሰው ከሃዲ ለማለት ሲፈልጉ ቤኔዲክት አርኖልድ ይሉታል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የአባት እዳ

አርኖልድ የተወለደው ጃንዋሪ 14 ቀን 1741 ኮኔቲከት ውስጥ ኖርዊች በምትባል ከተማ ነው። ያኔ አሜሪካ የሚባል አገር ገና አልተፈጠረም፤ ኮኔቲከት ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አንዷ ነበረች። የአባቱም ስም ቤኔዲክት አርኖልድ ነበር። አባትየው ደህና ገንዘብ ያለው ነጋዴ፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነበር። ልጁን ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቶት ነበር።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። ከልጆቹ አብዛኞቹ በበሽታ አለቁ፤ ለአቅመ አዳም የደረሱት ቤኔዲክትና እህቱ ሃና ብቻ ነበሩ። አባትየው መጠጥ ውስጥ ገባ። ንግዱ ወደቀ፣ እዳው ተቆለለ፣ በስካር ምክንያትም ታሰረ። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠፋ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኮሌጅ የመግባት ተስፋው እዚያ ላይ አበቃ።

እናቱ ግን ዘመድ ነበራት። ኖርዊች ውስጥ ትልቅ መድኃኒት ቤት ያላቸው ወንድማማቾች ልጁን በሙያ ተለማማጅነት ተቀበሉት። እዚያ ዓመታት ሠርቶ መድኃኒቱንም ንግዱንም ተማረ። እናቱ በ1759፣ አባቱ በ1761 ሞቱ።

እዚህች ጋ ትንሽ እንቁም። ኢኮኖሚክስ ስንማር እዳ ማለት ቁጥር ነው፤ ከወለዱ ጋር ይደመራል፣ በጊዜ ይከፋፈላል፣ በቃ። የአባቱን ውርደት በአደባባይ ላየ ልጅ ግን እዳ ማለት ሃፍረት ነው። ከዚህ ሁለት ዓይነት ትምህርት መውሰድ ይቻላል። አንዱ ከአቅም በላይ አለመበደር ነው። ሌላው ባዶ ኪስ ቢሆኑም ሰው እንዳያውቅ ማድረግ ነው። የቀረውን ሕይወቱን ስናይ፣ አርኖልድ ሁለተኛውን የወሰደ ይመስለኛል።

ነጋዴው

በ1762 አርኖልድ ኒው ሄቨን ከተማ ሄዶ መድኃኒትና መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። በማግሥቱ ዓመት አባቱ ያጣውን የቤተሰቡን ቤት መልሶ ገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ አትርፎ ሸጠው። ጎበዝ ነጋዴ ነበር። መርከብ እየያዘ እስከ ካሪቢያን ደሴቶችና እስከ ኩቤክ ድረስ ይነግድ ጀመር።

ከዚያ እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ላይ አዳዲስ ቀረጥ ጣለች። ብዙዎቹ የአካባቢው ነጋዴዎች ያደረጉትን እሱም አደረገ፤ በኮንትሮባንድ መነገድ ጀመረ። ያም ሆኖ እዳ ውስጥ ገባ። እዳው ወደ 16,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር ይባላል፤ ለዘመኑ በጣም ብዙ ገንዘብ ነው። አበዳሪዎቹ ወሬውን በከተማው አዳረሱት፣ እሱም ስሜን አጠፉ ብሎ ከሰሳቸው። ከእዳው ይልቅ የእዳው ወሬ ያሳመመው ይመስላል።

በ1767 ማርጋሬት ማንስፊልድ የምትባል ሴት አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ኒው ሄቨን ውስጥ ያማረ ቤትም ሠራ።

ጀግናው

ስለዚህ ሰው ስናወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። አርኖልድ እውነተኛ ጀግና ነበር። የምር።

በ1775 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ ወዲያው ዘመተ። በሜይ 10 ቀን ከኢታን አለን ጋር ሆኖ የቲኮንዴሮጋን ምሽግ ያዘ። በዚያው ክረምት ገና ከዘመቻው ሳይመለስ ሚስቱ ማርጋሬት ሞተች። በመስከረም ወደ 1,100 ሰው እየመራ በሜይን ጫካ በኩል ወደ ኩቤክ ተጓዘ። ረሃብና ብርድ አለ፣ ጀልባዎቹ ውሃ ያስገባሉ። የደረሰው ወደ 600 ሰው ብቻ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሌሊት ኩቤክን ሲያጠቁ እግሩን በጥይት ተመታ።

በ1776 በሻምፕሌን ሐይቅ ላይ በችኮላ በተሠሩ ትንንሽ መርከቦች ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ገጠመ። ተሸነፈ፤ ግን ጠላትን ስላዘገየ የዚያ ዓመት ወረራ እንዲቀር አደረገ። በኦክቶበር 7 ቀን 1777 በሳራቶጋ ጦርነት በፈረስ ፊት ለፊት ገብቶ ወታደሩን እየመራ ያንኑ ግራ እግሩን ዳግም ተመታ። እግሩ ሳይቆረጥ ቢተርፍም አጥሮ ቀረ። ሳራቶጋ ላይ የተገኘው ድል ፈረንሳይ ከአሜሪካ ጎን እንድትሰለፍ በር የከፈተ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ የአሜሪካ ነፃነት ታሪክ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር።

ያልተወራረደ ሂሳብ

ጀግናው ግን ሂሳብ አላወራረደም።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ቃል በደንብ ያውቀዋል። ለመስክ ሥራ ገንዘብ ትወስዳላችሁ፣ ስትመለሱ ደረሰኝ አቅርባችሁ ታወራርዳላችሁ። ደረሰኝ ከሌለ ገንዘቡ በስማችሁ እዳ ሆኖ ይቀመጣል። አርኖልድ በካናዳው ዘመቻ የመንግሥት ገንዘብ አወጣ፤ ከራሱ ኪስም ብዙ ጨመረ። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ ከሰነዶቹ ብዙዎቹ ጠፉ። ኮንግረሱ በበኩሉ ደሞዙን በወቅቱ አልከፈለውም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። በከፊል እውነቱን ነበር። ለአገሩ ሁለት ጊዜ ቆስሏል፣ የራሱን ገንዘብ አፍስሷል። በ1777 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከእሱ በታች የነበሩ አምስት መኮንኖች በላዩ ላይ ሜጀር ጄኔራል ተደርገው ተሾሙ። ይሄ ማንንም ያበሳጫል። በሌላ በኩል ሞንትሪያል ውስጥ ከነጋዴዎች የተወሰደ ዕቃ ጉዳይ ክስ አስነስቶበት ነበር። ክሱ ያኔ አልጸናም፤ ግን ከዚህ ሰው እጅ ያለፈ ገንዘብ ሁልጊዜ ጥያቄ ያስከትላል የሚል ወሬ በሠራዊቱ ውስጥ ሥር ሰደደ።

በመጨረሻ ኮንግረሱ ሂሳቡን አስመረመረ። ውጤቱ የመጣው በ1780 ጸደይ ላይ ነው። መንግሥት ለአርኖልድ እዳ የለበትም፤ እንዲያውም እሱ ወደ 1,000 ፓውንድ ለመንግሥት መመለስ አለበት ተባለ። ግን ይህ ከመሆኑ በፊት ፊላደልፊያ አለች።

የፊላደልፊያው ኑሮ

በ1778 እንግሊዞች ፊላደልፊያን ለቀው ሲወጡ ጆርጅ ዋሽንግተን አርኖልድን የከተማዋ ወታደራዊ አዛዥ አደረገው። እግሩ ገና አልዳነም፤ ጦር ሜዳ መዋል አይችልም። ጥሩ ማረፊያ ይሆንለታል ተብሎ የታሰበ ሹመት ነበር።

አርኖልድ ከከተማዋ ምርጥ ቤቶች በአንዱ ገባ። ሠረገላ፣ አሽከሮች፣ ግብዣ በግብዣ ሆነ። ደሞዙ ደግሞ ይህን የሚሸፍን አልነበረም፤ እሱም ቢሆን በወቅቱ አይከፈልም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ከሥልጣኑ ነው የመጣው። ወደ ከተማዋ እንደገባ ዕቃው እስኪቆጠር ተብሎ ሱቆች በትእዛዝ ተዘግተው ነበር። አርኖልድ በጎን ከሠራዊቱ የልብስ አቅርቦት ኃላፊ ጋር በምስጢር ተዋዋለ፤ በመንግሥት ስም ዕቃ ተገዝቶ ሠራዊቱ የማይፈልገው ለግል ትርፍ እንዲሸጥ። ቻርሚንግ ናንሲ ለምትባል መርከብ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ሰጠ፣ ቆየት ብሎ በጭነቷ ላይ ድርሻ ያዘ። መርከቧ በእንግሊዞች ልትያዝ ስትል የመንግሥት ሥራ ላይ የነበሩ 12 ጋሪዎች ልኮ ዕቃውን አስጫነ። ዕቃው ፊላደልፊያ ደርሶ ተሸጠ፣ ድርሻውን ወሰደ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ገና ለጠላት የሸጠው ነገር የለም። የሆነው የሚታወቅ ነገር ነው። ኑሮው ከገቢው በለጠ፣ ክፍተቱን በሥልጣኑ ሸፈነው፣ የሸፈነበትን መንገድ ደግሞ ደበቀ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአርኖልድ ውሸት ግን እያደር ከበደ።

በፌብሩዋሪ 1779 የፔንሲልቬንያ መንግሥት ምክር ቤት ስምንት ክሶችን ይፋ አደረገበት። እሱ ግን ቁጠባ አልጀመረም። በዚያው ሰሞን ማውንት ፕሌዛንት የሚባል ትልቅ ግቢ በብድር ገዛ፤ በኤፕሪል 8 ቀን ደግሞ ፔጊ ሺፕን የምትባል የሀብታም ቤተሰብ ልጅ አገባ። እሱ 38፣ እሷ 18 ዓመቷ ነበር። ግቢውን ለእሷ ነው የገዛው። አንድም ቀን አልኖሩበትም፤ እዳውን መክፈል ስላልቻሉ አከራዩት።

የዋጋ ድርድር

በሜይ 1779፣ ከሠርጉ በኋላ ወር ገደማ፣ አርኖልድ ፊላደልፊያ ውስጥ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አስጠርቶ በምስጢር ወደ ኒው ዮርክ ላከው። መልእክቱ የደረሰው ሻለቃ ጆን አንድሬ ለሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው። አርኖልድ ለእንግሊዝ ሊሠራ ፈቃደኛ ነበር። ደብዳቤዎቹ በመጽሐፍ ገጽና መስመር ቁጥር በተሠራ ምስጢራዊ ጽሑፍ ይጻፉ ነበር። ከሃሳብ ይልቅ ግን ረጅም ጊዜ የፈጀው ዋጋው ነው። ስንት ትከፍሉኛላችሁ? ነገሩ ባይሳካስ ስንት ይደርሰኛል? እንደ ደላላ ወራት ሙሉ ተከራከረ።

ስለ ምክንያቱ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ቂም ነበር፣ በሹመት መበደሉ ነበር፣ ከፈረንሳይ ጋር የተደረገውን ኪዳን መጥላቱም ነበር፣ የፔጊ ግፊትም ነበር ይባላል። ሁሉም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ግን የተበደለ መኮንን ብዙ ነበር። ከእነሱ አብዛኞቹ ተቆጡ፣ ሥራ ለቀቁ፣ ቤታቸው ገቡ። አርኖልድ ሥራ ለቅቆ ቤቱ መግባት አይችልም ነበር፤ ቤቱ የብድር ነው። ከፍ ብሎ ለመታየት የገነባው ኑሮ ሁሉ በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል፣ እውነቱን ለማንም አልተናገረም። ጠላት ገንዘብ ይዞ የሚያንኳኳው እንዲህ ያለውን በር ነው። እዚህኛው ታሪክ ላይ እንዲያውም ጠላት አላንኳኳም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው በሩን የከፈተው።

በዲሴምበር 1779 ሞሪስታውን ላይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ተሰየመ። ከስምንቱ ክሶች አራቱ ብቻ ነበሩ የቀረቡለት። አርኖልድ ራሱን ተከላከለ፤ ቁስሉን፣ ድሎቹን፣ ለአገሩ ያፈሰሰውን ደምና ገንዘብ ዘረዘረ። ከእንግሊዝ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ከጀመረ ግን ሰባት ወር ሆኖት ነበር! ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ክሶች ነጻ አወጣው፤ በመርከቧ የይለፍ ወረቀትና በጋሪዎቹ ጉዳይ ግን አጥፍተሃል ብሎ ተግሣጽ ፈረደበት። ዋሽንግተን ተግሣጹን ያወጣው በኤፕሪል 1780 ነው። የሂሳብ ምርመራው ውጤትም፣ ያ የ1,000 ፓውንዱ እዳ፣ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ዌስት ፖይንት

አሁን ቆም ብላችሁ የሰውየውን ፋይል አስቡት። በእዳ የተነከረ ነው። ከገቢው በላይ እንደሚኖር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሂሳቡን ማወራረድ አልቻለም። በሥልጣን አላግባብ መጠቀም ተግሣጽ ደርሶበታል። በግል ንግዱ ላይ እውነቱን አልተናገረም። ይህ ሁሉ ምስጢር አልነበረም፤ በአደባባይ የተወራ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ የገባ ነው።

እናም በኦገስት 1780 የአገሪቱን ዋና ምሽግ አስረከቡት።

ዌስት ፖይንት በሃድሰን ወንዝ መታጠፊያ ላይ ያለ ምሽግ ነው። የእንግሊዝ መርከቦች ወደ ላይ እንዳይወጡ በወንዙ ላይ ትልቅ የብረት ሰንሰለት ተዘርግቶ ነበር። እንግሊዞች ያንን ቦታ ቢይዙ ቅኝ ግዛቶቹን ለሁለት መክፈል ይችላሉ። ዋሽንግተን ለአርኖልድ ሊሰጠው የፈለገው የሠራዊቱን አንድ ክንፍ ነበር፤ ለጦረኛ ትልቅ ክብር ነው። አርኖልድ ግን እግሬን ያመኛል ብሎ ዌስት ፖይንትን ለመነ። ዋሽንግተን ጀግናውን ያምን ነበር፤ ሰጠው።

ዋጋው ቀድሞ ተነግሮ ነበር። ምሽጉን ከነወታደሩ ካስረከበ 20,000 ፓውንድ ያገኛል።

በሴፕቴምበር 21 ሌሊት አርኖልድና አንድሬ በሃድሰን ዳር በጫካ ውስጥ ተገናኙ። አንድሬ በመጣበት መርከብ መመለስ ነበረበት፤ ጠዋት ላይ ግን መርከቡ ከባሕር ዳር ተተኩሶበት ወደ ታች ሸሸ። ስለዚህ አንድሬ የሲቪል ልብስ ለብሶ፣ በአርኖልድ የተፈረመ የይለፍ ወረቀት ይዞ፣ የምሽጉን ዝርዝር ካልሲው ውስጥ ደብቆ በየብስ ጉዞ ጀመረ። በ23ኛው ቀን ታሪታውን አጠገብ ሦስት ሚሊሻዎች አስቆሙት፣ ፈተሹት፣ ወረቀቱን አገኙ።

ቀጥሎ የሆነው ፊልም ይመስላል። አንድሬን የተረከበው መኮንን ግራ ገባው። ወረቀቶቹን ወደ ዋሽንግተን ላከ፤ ስለ እስረኛው ደግሞ ለበላይ አለቃው ሪፖርት ጻፈ። የበላይ አለቃው ማነው? አርኖልድ! መልእክቱ በ25ኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ደረሰው። ዋሽንግተን በዚያው ጠዋት ሊጎበኘው በመንገድ ላይ ነበር። አርኖልድ ወደ ሚስቱ ክፍል ወጣ፣ ተሰናበታት፣ ወደ ወንዙ ወርዶ በጀልባ ወደ እንግሊዝ መርከብ አመለጠ። አንድሬ በኦክቶበር 2 ቀን ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላስ?

የሚያሳዝነው፣ ወይም የሚያስቀው፣ ሂሳቡ ነው። ምሽጉ ስላልተያዘ 20,000 ፓውንዱ አልተከፈለውም። ያገኘው ከ6,000 ፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ፣ የጡረታ አበልና የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ለእንግሊዝ ተዋጋ። በጃንዋሪ 1781 ሪችመንድን አቃጠለ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ከተወለደበት ከተማ ብዙ የማትርቀውን ኒው ለንደንን። እንግሊዞች ግን ትልቅ ጦር አልሰጡትም። አንዴ የሸጠ ደግሞ አይሸጥም ብሎ ማን ያምናል? ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ለንደን ሄደ። በ1780ዎቹ አጋማሽ ወደ ካናዳ ተሻግሮ ሴንት ጆን ከተማ ንግድ ጀመረ። መጋዘኑ ሲቃጠል የቀድሞ ሸሪኩ የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመብላት ራሱ ነው ያቃጠለው ብሎ አማው። አርኖልድ በስም ማጥፋት ከሶ አሸነፈ፤ የተፈረደለት ካሳ ግን ከጠየቀው ጋር የማይወዳደር እንክርዳድ ነበር። የከተማው ሰው በ1791 በቤቱ ፊት ምስሉን አቃጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ለንደን ተመለሰ።

ጁን 14 ቀን 1801 ለንደን ውስጥ በ60 ዓመቱ ሞተ። እዳ ነበረበት። ፔጊ ንብረት እየሸጠች ስትከፍል ቆይታ በ1804 ሞተች።

ሳራቶጋ ላይ በ1887 የቆመ አንድ ሐውልት አለ። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የአንድ ወታደር ቡትስ ነው፤ እግሩን በተመታበት ቦታ የቆመ፣ ጀግንነቱን የሚያወሳ። ስም ግን የለበትም።

ወደ ቅጹ ስንመለስ

በአርኖልድ ዘመን ክሊራንስ የሚባል ሥርዓት አልነበረም። ዋሽንግተን የሰውየውን ጀግንነት አየ፣ በዚያ አመነው። ዛሬ ሥርዓቱ ሌላ ነው። አመልካቾች ስታንዳርድ ፎርም 86 የሚባለውን ቅጽ ይሞላሉ፤ ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች ደግሞ የሚመሩባቸው 13 መመዘኛዎች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ የገንዘብ አያያዝ ነው። ሌላው የግል ባሕርይ ነው፤ ዋና ነገሩ እውነት መናገር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እዳ ስላለብኝ ይከለክሉኛል ብሎ ይፈራና እዳውን ሳይጽፍ ያልፋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዳ በራሱ በር አይዘጋም። ሥራ ማጣት፣ ፍቺ፣ የሕክምና ወጪ፣ እነዚህ ሁሉ ከሰው ቁጥጥር ውጪ የሆኑ ምክንያቶች ተብለው ይታያሉ። የሚፈለገው ሰውየው ምን አደረገ የሚለው ነው፤ ከአበዳሪው ጋር ተነጋገረ? የክፍያ ስምምነት ገባ? በየወሩ እየከፈለ ነው? ካልሆነ ወይስ ከገቢው በላይ እየኖረ፣ ታክስ ሳይከፍል፣ ስልኩን እየዘጋ ነው? ቅጹ ባለፉት ሰባት ዓመታት ከ120 ቀን በላይ የዘገየ እዳ ካለ ይጠይቃል። መርማሪው የክሬዲት ሪፖርቱን ስለሚያይ ብትደብቁትም ያገኘዋል። እዳው ምናልባት ይታለፍ የነበረ ነው፤ የተደበቀው እዳ ግን ውሸት ሆኗል። አውቆ በቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስፈርድ የሚችል ወንጀል ነው።

ለእኛ ሰዎች ሌላም ነገር አለ። ቅጹ ውጭ አገር ያለ ንብረትንና ለውጭ አገር ዜጋ የተሰጠ የገንዘብ ድጋፍንም ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለ ቤት፣ የጋራ የገዛችሁት ቦታ፣ ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለእናት ገንዘብ መላክ ነውር አይደለም፤ የትኛውም መርማሪ ነውር ነው ብሎ አይነሳም። አለመጻፉ ግን ምን ልትደብቅ ነው? የሚል ጥያቄ ያመጣል። ዘመድ ያለኝ መሆኑን ባልጽፍ ይሻላል የሚል ምክር ከጓደኛ ከሰማችሁ፣ ጓደኛችሁ ቅንነት ኖሮት ሊሆን ይችላል፤ ምክሩ ግን አደገኛ ነው። ከምታመለክቱበት መሥሪያ ቤት ወይም ከጠበቃ ጠይቁ።

የአርኖልድ ሕይወት ላይ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብታዩ፣ ነገሩ ሊድን የሚችልባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ። ሱቁ ሲወድቅ፣ ሂሳቡ ሲጠየቅ፣ የግቢውን ውል ሊፈርም ብዕር ሲያነሳ፣ ፍርድ ቤት ሲቆም። በእያንዳንዱ ቀን ከስሬአለሁ፣ ይህን ያህል እዳ አለብኝ፣ ሠረገላውን ልሽጥ ማለት ይችል ነበር። ያሳፍራል፤ አባቱ ላይ ያየው ሃፍረት ነው። ግን ያ ሃፍረት ጥቂት ወራት ይቆይ ነበር። የመረጠው ሃፍረት ይኸው 245 ዓመት አለፈው።

ስለዚህ ቅጹን እየሞላ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ያቺን ሳጥን ባዶ አትተዋት። ጻፏት፣ ምክንያቱን አስረዱ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። ደረሰኝ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ለአበዳሪው ደውላችሁ መክፈል ጀምሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ በእናንተ በኩል የተጻፈ ሆኖ ቢገኝ ይሻላል።